የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሁለት መቶ በላይ ትምህርት ቤቶችን የሚመራው ሹም ሥራው በምን ይታወቃል?

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው አምስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ቢሆኑም የሚጠይቁት ስለ አንድ ሹመት ነው፤ በአሜሪካ የትምህርት ዲስትሪክትን ከላይ ሆኖ ስለሚመራው ሱፐርኢንቴንደንት። ደብዳቤዎቹን ለዓምዱ በሚመች መጠን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስምም በራሳቸው ፈቃድ አላወጣንም። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሹን ልጄን በንባብ ትረዳው የነበረችው ረዳት መምህርት በሚቀጥለው ዓመት እንደማትኖር በሚያዝያ ወር ተነገረኝ። ርእሰ መምህሯን ብጠይቃቸው «ከሱፐርኢንቴንደንቱ ቢሮ የመጣ ነው» አሉኝ። እኔ ሱፐርኢንቴንደንት ማለት አገር ቤት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ መምህራንን የሚከታተለው ሱፐርቫይዘር ይመስለኝ ነበር። ይህ ሰው ማን ነው? ማንስ ይሾመዋል? እንደ እኔ ያለች እናት ብትናገር የሚሰማት አለ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሁለቱ ቃላት መመሳሰል ከእርስዎ በፊትም ብዙ ወላጅ አሳስቷል። አገር ቤት የምናውቀው ሱፐርቫይዘር በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚደግፍና የሚከታተል ባለሙያ ነው። ሱፐርኢንቴንደንት ግን የመላው ካውንቲ፣ ማለትም በክፍለ ግዛት ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የበላይ ሥራ አስኪያጅ ነው። በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ይህ ማለት ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 160,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ በጀት ማለት ነው።

የሚሾመው የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ነው። ቦርዱ ስምንት አባላት አሉት፤ ሰባቱን የካውንቲው ሕዝብ ለአራት ዓመት ይመርጣቸዋል፣ ስምንተኛው ደግሞ ተማሪዎች ራሳቸው በየዓመቱ የሚመርጡት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በሜሪላንድ ሕግ ሱፐርኢንቴንደንቱ የቦርዱ ሥራ አስፈጻሚ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሲሆን፣ የሥራ ዘመኑ ከጁላይ 1 የሚጀምር አራት ዓመት ነው፤ ሹመቱም በክፍለ ግዛቱ የትምህርት የበላይ ኃላፊ ካልጸደቀ አይጸናም። ይኸው የክፍለ ግዛቱ ኃላፊ በሥነ ምግባር ጉድለት፣ በሥራ ላይ በተፈጸመ ጥፋት፣ ባለመታዘዝ፣ በችሎታ ማነስ ወይም ሆን ብሎ ሥራን በመበደል ምክንያት ሊያነሣው ይችላል። እንግዲህ ከዚህ ሰው በላይ እርስዎ በድምፅዎ የመረጧቸው ወይም ሊመርጧቸው የሚችሉ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ወደ ረዳቷ መምህርት ልምጣ። በሚያዝያ የሰሙት ወሬ የተወሰነው በሚያዝያ አይደለም። ሱፐርኢንቴንደንቱ የሚቀጥለውን ዓመት የበጀት ሐሳብ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ያቀርባል፤ ቦርዱ በጃንዋሪ የሕዝብ አስተያየት ሰምቶ በፌብሩዋሪ ያጸድቃል፤ የካውንቲው አስተዳዳሪ በማርች የራሱን ሐሳብ ያወጣል፤ የካውንቲው ምክር ቤት በሜይ መጨረሻ ይወስናል፤ አዲሱ በጀት ጁላይ 1 ይጀምራል። የትምህርት ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን ስለሌለው፣ ምክር ቤቱ የሚሰጠው ገንዘብ ቦርዱ ከጠየቀው ባነሰ ቁጥር አንዳች ነገር መቀነሱ አይቀርም። ርእሰ መምህሯ እጃቸው ላይ የደረሰው ለትምህርት ቤታቸው የተመደበው የሠራተኛ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ እርሳቸው ዋሽተውዎታል ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን ለእርስዎ የጠቀመው መልስ «ከዚያ ቢሮ የመጣ ነው» ሳይሆን «በጃንዋሪ ይምጡና ይናገሩ» የሚለው ነበር።

ይሰማኛል ወይ ላሉት፣ ያየሁትን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በአንድ የበጀት ስብሰባ ላይ ለአንዲት እናታችን አስተርጓሚ ሆኜ ቆሜ ነበር። ለተናጋሪ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጥር ይታያል። በወረቀት ጽፋ ያመጣችውን ንግግር ግማሽ ላይ ተወችውና ከቦርሳዋ የልጇን የንባብ መጽሐፍ አውጥታ አንድ ገጽ ገለጠች፤ «ይቺን ገጽ ልጄ ከጥቅምት እስከ ጥር ከረዳቷ ጋር ተለማምዶ አንብቧታል፤ የሚቀጥለውን ማን ያስነብበዋል?» አለች። ተርጉሜ ስጨርስ ሰዓቱ ቀይ ሆኖ ነበር፤ ከቦርዱ አባላት አንዷ ግን የትምህርት ቤቱን ስም ጠይቃ ጻፈች። አማርኛ ካውንቲው ዋና ዋና ማስታወቂያዎቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላልና በዚህ አይፈሩ። ለሚመጣው ጃንዋሪ ይዘጋጁ፤ ብቻዎን ከመሄድም ከትምህርት ቤቱ የወላጆች ኅብረት ሁለትና ሦስት ሰው ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እዚያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ጌተርስበርግ ከኖርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሱፐርኢንቴንደንት በመጣ ቁጥር አዲስ ዕቅድ፣ አዲስ መፈክር፣ አዲስ ስም ይመጣል፤ ሰውየው ሲሄድ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ለመሆኑ አንድ ሰው፣ ያውም ክፍል ውስጥ ገብቶ የማያስተምር ሰው፣ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ሊለውጥ ይችላል? ለውጧል የሚሉት ሰው ካለ ቢጠቅሱልኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሰልቸትዎ ይገባኛል። ከ2011 ወዲህ ያለውን ብቻ ብንቆጥር፣ ጆሹዋ ስታር በዚያው ዓመት መጥተው በ2015 መጀመሪያ የውል ዘመናቸው ሳያልቅ ለቀቁ፤ ጃክ ስሚዝ ከ2016 እስከ 2021 መሩ፤ በቋሚነት በመሾም የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ሞኒፋ መክናይት በ2022 ተሹመው በ2024 ፌብሩዋሪ ከቦርዱ ጋር በስምምነት ተለያዩ፤ ቶማስ ቴይለር በ2024 ጁላይ ጀመሩ። በየመካከሉ የነበሩትን ተጠባባቂዎች አልቆጠርኩም። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ካውንቲው ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ ከ1999 እስከ 2011፣ አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ጄሪ ዊስት። አንድ ሰው ይለውጣል ወይ ላሉኝ እርሳቸውን እጠቅሳለሁ፤ ይለውጣል፣ ነገር ግን በቂ ዘመን ካገኘና የሕዝቡን ገንዘብ ለየትኛው ልጅ አብልጦ እንደሚሰጥ ሳይሸሽግ ከተናገረ ነው።

ዊስት በካንሳስ የእርሻ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ወደ ሜሪላንድ የመጡት በ1993 ሦስት የትምህርት ዲስትሪክቶች ተዋሕደው ከፈጠሩት ከኖርዝ ካሮላይናው ጊልፎርድ ካውንቲ ነበር፤ ያን ውሕደት የመሩት እርሳቸው ስለነበሩ፣ በልማድና በኑሮ የተራራቁ ወላጆችን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። ሞንትጎመሪ በዚያን ጊዜ በውጭ ሰው ዓይን የሀብታሞች ካውንቲ ነበር። ዊስት ግን የካውንቲውን ካርታ ዘርግተው ድህነት፣ ከቤት ቤት መዘዋወርና እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች የበዙበትን ክፍል ቀይ ቀጠና፣ የተቀረውን አረንጓዴ ቀጠና ብለው ከፈሉት። የእኛ ሰው በብዛት የሰፈረባቸው የሲልቨር ስፕሪንግና የዊተን ሰፈሮች በአብዛኛው በቀዩ ውስጥ ነበሩ። ካርታው የሚናገረው ሁሉም በልቡ የሚያውቀውን ነው፤ የልጁን አድራሻ ካወቅህ ውጤቱን መገመት ትችላለህ የሚለውን። ይህን በአደባባይ ሰቅሎ መናገር ግን ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ?» የሚል ነውና።

ገንዘቡ ወደ ቀዩ ሄደ። የሙሉ ቀን መዋዕለ ሕፃናት ከ2000 ጀምሮ በመጀመሪያ በጣም ችግረኛ በሆኑት ትምህርት ቤቶች ተከፈተ፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። በቀይ ቀጠና ያሉ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎች ወደ 15 ልጅ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎች ወደ 17 ልጅ ዝቅ እንዲሉ ተደረገ። በእነዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ልጅ የሚወጣው ወጪ ከሌላው በ2,000 ዶላር ገደማ በለጠ። የግማሽ ቀን መዋዕለ ሕፃናት ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ የሚያውቀው ነው፤ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ የሚሠራው ወላጃችን ልጁን በእኩለ ቀን ማን እንደሚቀበልለት ሲጨነቅ ውሎ ያድር ነበር። ከእነዚህ ክፍሎች ወደ አንዱ በአስተርጓሚነት ገብቼ አውቃለሁ። መምህርቷ ምንጣፍ ላይ ከአራት ልጆች ጋር ተቀምጣ እያንዳንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፊደሉን ሲጠራ ታደምጣለች፤ ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ «ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ራበኝ፣ እናቴ» የሚሉ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ተለጥፈዋል፤ አንዲት እናት ነግራት የጻፈቻቸው ናቸው። ሃያ ስምንት ልጅ ባለበት ክፍል መምህር እንዲህ ያለ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛው ነገር መምህራንን የያዙበት መንገድ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከካርታው ይልቅ ለዚህ እማረካለሁ። ደካማ መምህርን ማሰናበት በዚያ አገር በሠራተኛ ማኅበርና በክስ የተወሳሰበ ነው። ዊስት ከመምህራን ማኅበሩ ጋር ተደራድረው ስምንት መምህራንና ስምንት ርእሳነ መምህራን የሚቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ እንዲሠራ አደረጉ። አዲስ መምህርና ሥራው ያልሰመረለት ነባር መምህር፣ ልምድ ያለው አማካሪ መምህር ተመድቦለት ይታገዛል፤ አማካሪው ያየውን ለጉባኤው ያቀርባል፤ ጉባኤው ይቆይ ወይም ይሰናበት ብሎ ይወስናል። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት የተሰናበቱት መምህራን አምስት ብቻ ነበሩ፤ እስከ 2011 ድረስ ግን በጉባኤው ወደ 200 የሚጠጉ ተሰናብተዋል፣ ወደ 300 የሚጠጉት ደግሞ ሂደቱን ሳይጀምሩ በፈቃዳቸው ለቀዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን መምህሩ ሥርዓቱን አልጠላውም፤ የሚፈርድበት የገዛ ባልደረባው ነበርና። ዊስትም ለዚህ መተማመን የቆሙት በቃል ብቻ አልነበረም፤ የፌዴራሉ መንግሥት መምህራን በተማሪዎቻቸው የፈተና ውጤት እንዲገመገሙ በሚያስገድድ ሁኔታ ያቀረበውን 12 ሚሊዮን ዶላር ካውንቲው ሳይቀበል ቀርቷል። በጀት በጠበበበት ዘመን 12 ሚሊዮን ዶላር ይቅርብኝ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በጀት የያዘ ሰው ያውቀዋል።

ሦስተኛው፣ መድረሻውን ለወላጅ በግልጽ ማሳየታቸው ነው። «ሰባቱ ቁልፎች» ተብሎ የተሰራጨው ዝርዝር ከኮሌጅ ወደ ኋላ እየቆጠረ የተሠራ ነበር፦ በኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎቹ፣ በኤስኤቲ (በዚያን ጊዜ ከ2400) 1650 ወይም በኤሲቲ 24 ማምጣት፣ ከዚያ በታች በአሥራ አንደኛ ክፍል አልጀብራ ሁለትን፣ በስምንተኛ ክፍል አልጀብራ አንድን ማለፍ፣ እንዲህ እያለ እስከ ሁለተኛ ክፍል የንባብ ችሎታ ይወርዳል። አልጀብራን በስምንተኛ ክፍል ያልወሰደ ልጅ በኋላ በር እንደሚዘጋበት፣ የተማረ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ድሮም ያውቅ ነበር፤ የእኛ ወላጅ ያወቀው ግን ያን ወረቀት ሲያይ ነው። በ2010 ካውንቲው የማልኮም ባልድሪጅን አገር አቀፍ የጥራት ሽልማት አገኘ።

እውነቱን ለመናገር ግን የዊስት ሥራ ወሰን ነበረው። በዚያው በ2010 የወጣ አንድ ጥናት በካውንቲው የሕዝብ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሳቸውን 850 ገደማ ልጆች ተከታትሎ ነበር። በሞንትጎመሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ የቤት ግንባታዎች ውስጥ የተወሰነው ቤት ለዝቅተኛ ገቢ ሰው እንዲቀመጥ ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ከእነዚህ ድኻ ልጆች አንዳንዶቹ በአረንጓዴው፣ አንዳንዶቹ በቀዩ ቀጠና ትምህርት ቤት ገቡ። ጥናቱ ያገኘው፣ በቀዩ ቀጠና ያ ሁሉ ተጨማሪ ገንዘብ እየፈሰሰ እንኳ፣ ድህነት ባልበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የገቡት ልጆች እየቆዩ በተሻለ ውጤት መብለጣቸውን ነው። የቤት ፖሊሲ በሱፐርኢንቴንደንት እጅ አይደለም፤ የየትኛው ሰፈር ልጅ የት ትምህርት ቤት ይግባ የሚለውን ወሰን የሚያጸድቀው ደግሞ ቦርዱ ነው። በ2019 ያንን ወሰን ለመመርመር የተጀመረው ጥናት በስብሰባዎች ላይ ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሣ እርስዎም ሳያስታውሱት አይቀሩም። ዊስት ገንዘቡን ወደ ልጆቹ አዞሩት፤ ልጆቹን እርስ በርስ ማቀላቀል ግን በእርሳቸው ዘመን ያልተነካ ሥራ ሆኖ ቀረ። እኔ ለዊስት ያለኝ አክብሮት በዚህ አይቀንስም፤ የሚቀጥለውን ሰው ስንመዝን ግን ይህን መጠየቅ አለብን።

ጥያቄ፦ ጆርጂያ፣ ክላርክስተን እኖራለሁ። ወላጅ እንደመሆኔ የአንድ ሱፐርኢንቴንደንት ሥራ የሚታየኝ በፈተና ውጤት ነው፤ ውጤት ከፍ ካለ ጎበዝ፣ ዝቅ ካለ ሰነፍ። ለምን ነገሩን ታወሳስቡታላችሁ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ አትላንታ የሆነውን ላስታውስዎ። ቤቨርሊ ሆል የአትላንታን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመሩት ልክ ዊስት ሞንትጎመሪን በመሩበት ዘመን፣ ከ1999 እስከ 2011 ነው። ጃማይካ ተወልደው ኒውዮርክ በመምህርነትና በርእሰ መምህርነት ሠርተው፣ ኒውአርክን መርተው አትላንታ የደረሱ ብርቱ ሴት ነበሩ። በ2009 የአገሪቱ የዓመቱ ሱፐርኢንቴንደንት ተብለው ተሸለሙ፤ የሽልማቱ ምክንያትም እርስዎ የሚሉት ነው፣ ውጤት ከፍ ማለቱ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የውጤት ግብ ይሰጠው ነበር፤ ግቡን ያሳካ ጉርሻ ያገኛል፣ በሦስት ዓመት ያላሳካ ርእሰ መምህር ይተካል። በየዓመቱ ሠራተኛው ሁሉ በትልቁ የስፖርት አዳራሽ ሲሰበሰብ፣ ግባቸውን ያሳኩት ከሜዳው ወለል ላይ፣ ያላሳኩት ከዳር ከፍ ብሎ ባለው መቀመጫ ላይ ይቀመጡ ነበር። ያን ሩቅ መቀመጫ ለመሸሽ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያስቡት።

በጁላይ 2011 የወጣው የክፍለ ግዛቱ የምርመራ ሪፖርት፣ ከተመረመሩት 56 ትምህርት ቤቶች በ44ቱ የፈተና ማጭበርበር መፈጸሙን፣ 178 መምህራንና ርእሳነ መምህራን እንዳሉበት ገለጸ። መልስ መስጫ ወረቀቱ ላይ የልጁ የተሳሳተ መልስ በላጲስ ጠፍቶ ትክክለኛው ተጠቁሮበት ነበር። በ2013 ሆልን ጨምሮ 35 ሰዎች ተከሰሱ፤ በኤፕሪል 2015 ለፍርድ ከቀረቡት አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ተባሉ። ሆል ክሱን ክደው፣ በሕመማቸው ምክንያት ጉዳያቸው ሳይታይ በማርች 2015 ዐረፉ፤ ስለዚህ በእርሳቸው ላይ ፍርድ የለም፣ እኔም አልፈርድም። ማለት የምችለው ስለ ልጆቹ ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ «ችሏል» የሚል ወረቀት ሲሰጠው፣ ሊያገኝ ይገባው የነበረው የንባብ ረዳት ይቀርበታል። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ልጅ በበጀት ያጣውን፣ የአትላንታው ልጅ በውሸት ቁጥር አጣው። ውጤት አይታይ አላልኩም፤ ይታይ፣ ነገር ግን የት ብንረዳ ይሻላል ብለን እንድንጠይቅበት ይሁን። ዊስትም ቁጥር ወዳድ ነበሩ፤ በቀይና በአረንጓዴ ቀጠና መካከል ያለውን የውጤት ልዩነት በየጊዜው ይለኩ ነበር፣ ከልኬቱ በኋላ የሚከተለው ግን ተጨማሪ መምህር ነበር።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሃዋርድ ካውንቲ የሒሳብ መምህር ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ሱፐርኢንቴንደንት መሆን እመኛለሁ፤ መንገዱን ቢያመለክቱኝ።

መልስ፦ የሜሪላንድ ሕግ ለካውንቲ ሱፐርኢንቴንደንትነት የሚጠይቀው ከታወቀ ኮሌጅ መመረቅን፣ ከዚያ በላይ የትምህርት አስተዳደርን፣ ሱፐርቪዥንንና የማስተማር ዘዴን ያካተተ የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርትን፣ እንዲሁም በክፍለ ግዛቱ የትምህርት ኃላፊ የሚሰጥ የሥራ ፈቃድን ነው። በተለመደው መንገድ ምክትል ርእሰ መምህርነት፣ ርእሰ መምህርነት፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችን በሚከታተል የማዕከላዊ ቢሮ ኃላፊነት፣ ከዚያም ምክትል ሱፐርኢንቴንደንትነት ይቀድማል። ዶክትሬት ብዙዎቹ ይይዛሉ።

ወረቀቱን በጊዜው ያገኙታል። እኔ የምመክርዎ ሌላ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ከአሁኑ አንድ ሙሉ የበጀት ወቅት ከጃንዋሪ እስከ ሜይ በየስብሰባው ተገኝተው ይከታተሉ፤ ይህን ሥራ ያበላሹ ጎበዝ መምህራን ብዙ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲወድቁ የሚታየውም ማስተማሩን ሳይሆን በጀቱንና ቦርዱን ባለማወቃቸው ነው። ሁለተኛው፣ ርእሰ መምህር የሚሆኑበትን ትምህርት ቤት መምረጥ ከተፈቀደልዎ ከባዱን ይምረጡ። አማርኛ መቻልዎን እንደ ትንሽ ነገር አይቁጠሩት፤ ወላጅ በራሱ ቋንቋ ሲያዋራዎት የሚነግርዎትን፣ በአስተርጓሚ አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ወልቂጤ አካባቢ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ስለ አሜሪካ ሱፐርኢንቴንደንቶች ማንበቡ መልካም ነው፤ የእኛ ወረዳ በጀት ግን ከደመወዝ አያልፍም። 15 ልጅ በአንድ ክፍል ለእኛ ሕልም ነው። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚሆን ምን አለ?

መልስ፦ ያሉት እውነት ነው። ወረዳዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጥቅል የሚመደብ በጀት ማስተዳደር ከጀመሩ ወዲህ፣ የትምህርቱ ድርሻ አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም የሚሾመው በትምህርት ቦርድ ሳይሆን በወረዳው አስተዳደር ነው፤ ካቢኔ ሲለወጥ እርሱም ሊለወጥ ይችላል። የዊስትን አሥራ ሁለት ዓመት ከየት ያገኛል?

ነገር ግን ደመወዝ ማለት መምህር ማለት ነው፤ መምህሩን የት እንደሚመድብ የሚወስነው ደግሞ የእናንተ ጽሕፈት ቤት ነው። ዊስት ያደሉት በዶላር ከሆነ እናንተ የምታደሉት በምደባ ነው። ከአስፋልት ዳር ያለው ትምህርት ቤት ልምድ ያላቸውን መምህራን ሰብስቦ፣ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬደው ትምህርት ቤት ዘንድሮ የተመረቁትን ብቻ ይዞ እንደሆነ፣ ያ በካርታ ላይ ሊሳል ይችላል። ብዙ ቦታ የማየው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጎበዙ መምህር ወደ ስምንተኛ ክፍል ይሳባል፣ ፈተና እዚያ ነውና፤ አንደኛ ክፍል፣ ሰባ ልጅ ፊደል በሚቆጥርበት ክፍል፣ የሚመደበው አዲሱ ወይም የተገፋው ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ያስታውሱ፤ ያ ቁጥር መራራ ቢሆንም ከዚያ በፊት ከነበረው ይልቅ እውነቱን አሳየን፣ እውነቱም ከአንደኛ ክፍል የጀመረ ነው።

ስለዚህ የምደባ ጊዜ ሳይደርስ አንድ ነገር ያድርጉ። የወረዳውን ትምህርት ቤቶች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ የአንደኛ ክፍል መምህሩ ስንት ዓመት እንዳስተማረ፣ በክፍሉ ስንት ልጅ እንዳለና የመምህሩ መኖሪያ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ይሙሉ። ይህን ለማድረግ ሳንቲም አያስፈልግም። ወረቀቱን ለኃላፊዎ ብቻ ሳይሆን ለየትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም ያሳዩ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው የምደባ ስብሰባ ከአምናው የተለየ እንደሚሆን አምናለሁ። የሆነውን ቢጽፉልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።